ደንገልን ያቆየው ማጭድ ነው

ስለ ጣና ደንገል የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከአንድ ግምት ይነሣል፦ ደንገል ዱር በቀል ነው፤ ማንም አልዘራውም፣ ማንም አልኮተኮተውም፣ ከሐይቁ ጋር አብሮ የተሰጠን ነው። ከዚህ ግምት ሌላ ፍርድ ይወለዳል። ዱር በቀል ከሆነ ጠላቱ ሰው ነው፤ እየሳሳ የመጣውም ታንኳ ሠሪውና ምንጣፍ ሠሪው ማጭዱን ይዞ ስለወረደበት ነው ይባላል። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። የተክሉን ታሪክ ከግብጽ እስከ ጣና ለተከተለ ሰው ግን የሚታየው ተቃራኒው ነው። ደንገል በብዛት የቆመው ሰው አጥብቆ በፈለገው ቦታና ዘመን ነው፤ የጠፋውም ማጭድ ስለበዛበት ሳይሆን፣ ማጭድ የያዘው ሰው ለረግረጉ የሚከራከርበት ምክንያት ወይም መብት ሲያጣ ነው። ይህ የቃላት ክርክር አይደለም። ደንገልን ለመመለስ ዛሬ የሚታሰበው ሁሉ ጥፋተኛው ማን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ስለሚቆም፣ መልሱ ከተሳሳተ መድኃኒቱም ይሳሳታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ተክሉን እንወቀው። ዓለም ፓፒረስ የሚለው ደንገል ሣር ቢመስልም የሣር ወገን አይደለም፤ ለበዓልና ለቡና ወለል ላይ ከምንጎዘጉዘው ቄጠማ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ዘንጉ ሦስት ማዕዘን አለው፤ ቁመቱ እስከ አራትና አምስት ሜትር ይደርሳል፤ ጫፉ ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ቀጫጭን አረንጓዴ ክር ይሸከማል። የዘንጉ ውስጥ አየር ያዘለ ነጭና ለስላሳ ስለሆነ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ታንኳ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የተክሉ ሕይወት ያለው ግን ከላይ በሚታየው ዘንግ ሳይሆን በጭቃው ውስጥ ወደ ጎን በሚሄደው ወፍራም ሥረ ግንድ ላይ ነው። አንዱ ዘንግ ለጥቂት ወራት ቆሞ ይደርቃል፤ ሥረ ግንዱ ሌላ ይልካል። ስለዚህ ደንገልን ማጨድ ዛፍ እንደ መቁረጥ አይደለም። በኬንያ በናይቫሻ ሐይቅ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በዓመት አንድ ጊዜ የታጨደ ደንገል ያገግማል፤ በስድስት ወር እየተደጋገመ የታጨደው ግን ሥረ ግንዱ ያጠራቀመውን ስንቅ ይጨርስና ይመነምናል። ማጭድ ብቻውን አይገድልም፤ የሚገድለው ዕረፍት ማጣት ነው። ዕረፍት መስጠት ደግሞ ነገም እዚያው ቦታ እንደሚያጭድ እርግጠኛ የሆነ ሰው ብቻ የሚያደርገው ነገር ነው።

አሁን ወደ ግብጽ እንሂድ፤ የዚህ ተክል ረጅሙ መዝገብ ያለው እዚያ ነውና። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ደንገል በጥልቅ ውሃ እንደማይበቅል፣ ሁለት ክንድ ያህል በሆነ ውሃ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ እንደሚቆም መዝግቧል። ሥሩ ለማገዶና ለዕቃ፣ ዘንጉ ለጀልባ፣ ልጡ ለሸራ፣ ለምንጣፍና ለገመድ ይውል ነበር፤ ሰዎችም ጥሬውን፣ ቅቅሉንና ጥብሱን እያኘኩ ጭማቂውን ይመጥጡ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመላው የሜዲትራንያን ዓለም መጻፊያ ነበር። እንዲህ ያለ ዋጋ ያለው ተክል በዘፈቀደ አይተውም። ከአውግስጦስ ቄሳር ዘመን የደረሱን የኪራይ ውሎች እንደሚያሳዩት የደንገል ረግረግ እንደ እርሻ ይከራይ፣ ኪራዩም በውል ይወሰን ነበር። በዚያው ዘመን የጻፈው ስትራቦንም አንዳንድ ሰዎች ዋጋውን ለማስወደድ ሲሉ ደንገል በብዙ ቦታ እንዳይበቅል ያደርጉ እንደነበር ያማርራል። የዚህን ምስክርነት ክብደት ማየት ያስፈልጋል፤ የት ይብቀል፣ የት አይብቀል ተብሎ የሚወሰንበት ተክል ዱር በቀል አይባልም። የዓባይ ዴልታ የደንገል ምድር የነበረው ውሃ ስለነበረ ብቻ ሳይሆን፣ ረግረጉ እንደ እርሻ የሚከራይና ገቢ የሚሰጥ መሬት ስለነበረም ነው።

ከዚያ ወረቀት መጣ። በአሥረኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በግብጽ ወረቀት የፓፒረስን ቦታ ያዘ፤ ደንገሉን ለመጻፊያ የሚፈልገው ሰው ጠፋ። ማጭዱ ዐረፈ ማለት ነው። ደንገል በእውነት ጠላቱ አጫጁ ቢሆን ኖሮ ከዚህ በኋላ የዓባይን ዳርቻ ሞልቶ ባገኘነው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በናፖሊዮን ዘመቻ ጊዜ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከሠራዊቱ ጋር አገሪቱን ያሰሱት ሊቃውንት በፈርዖኖች ሐውልት ሁሉ ላይ የተቀረጸውን ተክል በሕይወት አላገኙትም። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1968 በናጥሩን ሸለቆ ጥቂት ቅሪት መኖሩ ታወቀ፤ ከዚያ በቀር በአገሪቱ የጠፋ ያህል ነበር። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 ከፒራሚዶቹ አጠገብ «ራ» የተባለችውን የደንገል መርከብ ለማሠራት ሲነሣ በግብጽ የሚበቃው ደንገል አልነበረም፤ የታጨደው ከጣና ነው። ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ታንኳ ሠሪዎች ነበሩ። ያቺ መርከብ አትላንቲክን ሳትጨርስ ተጎድታ ቀረች፤ በ1970 ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች የሠሯት «ራ 2» ግን፣ እርሷም ከኢትዮጵያ ደንገል የተሠራች፣ ከሞሮኮ ሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ያን ጊዜ ለፓፒረስ አገር ደንገል የሰጠው ጣና ነበር። ይህን ያስቻለውም ግብጻውያን ከሺህ ዓመት በፊት የተዉትን ተክል የጣና ሰው ዕለት በዕለት ይጠቀምበት ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በግብጽ ደንገልን ያጠፋው የወረቀት መምጣት ሳይሆን የወንዙ መለወጥ ነው ሊባል ይችላል፤ በዓባይ ዴልታ በጥንት ዘመን የነበሩት ብዙ ቅርንጫፎች ተደፍነው ሁለት ብቻ ቀርተዋል፣ ረግረጎች ተጠንፍፈዋል፣ አፈሩም በየቦታው ጨው ሆኗል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ አንድ ምክንያት ብቻውን ይህን ሁሉ አልሠራም። ሆኖም ሙሉ መልስ እንዳይሆን የሚያደርገው በራሷ በግብጽ የታየ ነገር ነው። በ1960ዎቹ ሐሰን ረገብ የተባሉ ግብጻዊ መሐንዲስና ዲፕሎማት ሥረ ግንድ ከሱዳን አስመጥተው በካይሮ አጠገብ በዓባይ ውሃ ተከሉ፤ የጥንቱንም የፓፒረስ ወረቀት አሠራር እንደገና ሞክረው አወጡ። በ1970ዎቹ ደግሞ በዴልታው ውስጥ፣ በሸርቂያ አውራጃ ባለችው ቀራሙስ በምትባል መንደር ገበሬዎች በመስኖ በሚጠጣ ተራ የእርሻ ማሳቸው ላይ ደንገል መትከል ጀመሩ። በቀለ፤ ታጨደ፤ ወረቀት ሆኖ ለቱሪስት ተሸጠ። ከ2011 በኋላ የቱሪስቱ ገበያ ሲቀዘቅዝ ብዙዎቹ ማሳውን ወደ ሌላ እህል መልሰውታል። እንግዲህ ውሃውም አፈሩም ያው ሆኖ ሳለ፣ ገዢ ሲመጣ ደንገል መጣ፤ ገዢ ሲሄድ ደንገል ሄደ። ሺህ ዓመት የፈጀው ታሪክ በአንዲት መንደር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ተደግሞ ታየ።

ወደ ጣና ስንመለስ አጠቃቀሙ ሌላ መልክ ይይዛል። ከሐይቁ ሠላሳ ሰባት ገደማ ደሴቶች በብዙዎቹ ላይ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስን የመሰሉት በመጻሕፍት ሀብታቸው የታወቁ ናቸው። እነዚያ መጻሕፍት ግን የተጻፉት በፍየልና በበግ ብራና ላይ ነው እንጂ በዳርቻው በቆመው ደንገል ላይ አይደለም። በግብጽ ደንገል መጽሐፉ ራሱ ነበር፤ በጣና መጽሐፉንና ጸሐፊውን የሚያሻግር መንገድ ሆነ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት ኢየሱሳውያን፣ ማኑኤል ደ አልሜዳና ጄሮኒሞ ሎቦ፣ በሐይቁ ላይ ስለሚሄዱት የሸንበቆ ጀልባዎች ጽፈዋል። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ለተክሉ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ታንኳውን ከግብጽ ጥንታዊ ጀልባ ጋር አያይዞታል። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማንም ሐይቁን ዞሮ ደሴቶቹን ሲመዘግብ ያየው ያንኑ ታንኳ ነው። ከአልሜዳ እስከ ቺዝማን ሦስት መቶ ዓመት አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የዘጌ ቡናና ማገዶ፣ የደሴቶቹ ቀለብ፣ ታቦትና ካህን፣ ሙሽራና ሬሳ በደንገል ተሻግሯል፤ ደንገሉም አላለቀም።

ይህን የታንኳ ሥራ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። በሐይቁ ዳርና በዓባይ መውጫ የሚኖሩ፣ ዓሣ አጥማጆች፣ የቀድሞ ጉማሬ አዳኞች፣ የወፍጮ ድንጋይ ጠራቢዎችና ታንኳ ሠሪዎች ናቸው። ዘንጉ የደረሰ መሆኑን መለየት፣ ቆርጦ በፀሐይ ማድረቅ፣ በልጥ ገመድ እያሰሩ ነዶውን ከነዶ ማጋጠም፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ማቃናት፣ ውሃ የጠጣውን ታንኳ አውጥቶ ዳር ላይ አስደግፎ ማጠንፈፍ፣ ይህ ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ የሄደ ዕውቀት ነው። ታንኳ ቶሎ ያረጃል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ውሃ እየጠጣ ይከብዳልና ሌላ ይሠራል። በዚህም ምክንያት ታንኳ ሠሪ ከሐይቁ ዳር መራቅ አይችልም፤ የሚቀጥለው ታንኳ ዛሬ በውሃ ውስጥ ቆሞ እያደገ ነው። ይህን ያህል ለደንገል የቀረበ ሕዝብ ግን በጎረቤቶቹ ዘንድ ጉማሬ በላ ተብሎ ሲናቅ፣ ማዕድ ሲከለከል፣ ሙስሊም ነኝ ሲልም በሙሉ ልብ ሳይቀበሉት ኖሯል። በዚህም ላይ የመሬት ባለቤትነት አልነበረውም። ይህ ንቀት ለሕሊና የሚከብድ ከመሆኑ ባሻገር በሐይቁም ላይ ዋጋ አስከፍሏል። ስለ ረግረጉ በሚመከርበት ጊዜ፣ ረግረጉ ሲጎዳ መጀመሪያ የሚጎዳው ሰው ድምፅ አልነበረውም።

ታዲያ በእኛ ዘመን ደንገሉ እየሳሳ የሄደው በምን ምክንያት ነው? ከልክ በላይ መታጨዱን የሚጠቅሱ ሰዎች ማስረጃ የላቸውም አልልም፤ በባሕር ዳር ዙሪያ የቀሩት ጥቂት ቦታዎች ሳይደርሱ ሲታጨዱ ይታያል። ግን ይህ መጀመሪያ የመጣ ነገር ነው ወይስ መጨረሻ ላይ የመጣ? ከዚያ በፊት የሆነውን እንቁጠር። ጣና በየዓመቱ ከክረምቱ በኋላ ሞልቶ፣ በበጋው ቀስ እያለ ጎድሎ በሰኔ ዝቅ የሚል ሐይቅ ነበር፤ ደንገልም ይህን ምት የለመደ ነው። በ1996 በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ ሥራ ጀመረ፤ በ2001 ሌሎች በሮች ተጨመሩለት። በ2003 ዝናቡ አንሶ ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀውም ውሃ በዝቶ ሐይቁ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅ አለ፤ መርከቦች ቆሙ፣ የዳርቻው ደንገል ደረቅ መሬት ላይ ቀረ። በተገለጠው መሬት ላይ ወዲያው ሞፈር ገባ። በፎገራ በኩል ከ1980ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ሩዝ ደግሞ ደንገል የሚፈልገውን ያንኑ ውሃ ያዘለ ጥቁር አፈር የሚፈልግ እህል ነው። ከብት እየወረደ ለጋውን ይግጣል፤ ባሕር ዳር ከመንደርነት ወደ ትልቅ ከተማ ስታድግ ዳርቻው የመንገድ፣ የሆቴልና የመናፈሻ ሆነ። በ2011 ደግሞ እምቦጭ የተባለው ወራሪ አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ ተዘገበ። አጫጁ ሳይደርስ የሚያጭደው ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው። ቦታው ሲጠብ ያው የሰው ቁጥር በጥቂት ደንገል ላይ ይከማቻል፤ ዕረፍት መስጠትም የማይቻል ይሆናል፤ ዛሬ ያላጨድኩትን ነገ ሌላው ያጭደዋል፣ ወይም በሬ ይረግጠዋልና።

ከዚህ ጎን ለጎን ፍላጎቱም ቀነሰ። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ ታየ። በ1986 በኔዘርላንድስ በጎ አድራጊዎችና በቤተ ክርስቲያኒቱ እርዳታ በተጀመረው የዓሣ ልማት የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ፤ ዓሣ ማስገሩ ከዳርቻው ወደ ሐይቁ መካከል ሄደ። ይህ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል፤ ይመለስ የሚል የለም። ግን ታንኳ የድሃ መሣሪያ ተብሎ በቀረ ቁጥር፣ ደንገል ያለበት ረግረግም ባዶ መሬት መባሉ ቀጠለ። ሩዝ የሚያመርት ሰው ማሳዬ ብሎ ይከራከራል፤ ታንኳ የሚሠራ ሰው ምን ብሎ ይከራከር?

በዚህ ጊዜ አንባቢ ሊል የሚችለውን አውቃለሁ። ገበያ ደንገልን ካቆየው ገበያው ሲሄድ ይሂድ፤ ፋይበር ግላስ ጀልባ እያለ ደንገልን የሙጥኝ ማለት ምን ይጠቅማል? የመጀመሪያው መልስ የታንኳው ጥቅም ከደንገል ጥቅም አንዱ ብቻ መሆኑ ነው። ከጉማራና ከርብ ወንዞች የሚወርደውን ደለል የሚያዘገየው፣ ከማሳና ከከተማ የሚመጣውን ቆሻሻ የሚያጣራው፣ ለዓሣ ጫጩትና ለወፍ መሸሸጊያ የሚሆነው ያው የደንገል ቀበቶ ነው። ለዚህ ሥራ ማንም ስለማይከፍለው ሲጠፋ በማንም መዝገብ ላይ አይታይም። ሁለተኛው መልስ ደግሞ፣ ታንኳ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ ሞተር መግዛት የማይችል አጥማጅ ዛሬም የሚወርደው በእርሱ ነው፤ ምንጣፉና ቅርጫቱም ይሸጣል። ፍላጎቱ ቢቀንስም አልጠፋም፤ የጎደለው የሚቀርበው ደንገል ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከጥበቃ ወገን ይመጣል። የጣና አካባቢ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ እንግዲያስ ዳርቻውን አጥረን ሰውን ብናስወጣ ይበቃል የሚሉ አሉ። ክልሉ መከበሩ መልካም ነው፤ ጥብቅ ሆነው መቅረት ያለባቸው ቦታዎችም አሉ። ግን አጥሩ መጀመሪያ የሚያስወጣው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ማጭድ እንጂ በሬና ሩዝ የሌለውን ሰው ነው። እርሱ ከወጣ በኋላ ረግረጉን በየቀኑ የሚያይ፣ የገባውን ከብት የሚያባርር፣ እምቦጩን ገና በጥቂቱ ሳለ የሚነቅል ሰው አይኖርም። በኢሉባቦር ረግረጎች ላይ ለዓመታት የተደረገው ጥናት ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ለቤት ክዳንና ለበዓል የሚሆነው የቄጠማ ወገን እየታጨደ የቆየው ማኅበረሰቡ ስለ ውሃውና ስለ ከብቱ በራሱ ደንብ በሚተዳደርበት ቦታ ነው፤ ረግረጉ ተጠንፍፎ በቆሎ ለረጅም ጊዜ በተዘራበት ግን ተመልሶ መብቀል ተስኖታል።

ስለዚህ የደንገል መመለሻ መንገዱ መትከል ነው፤ የሚተክለውም የሚያጭደው ሰው መሆን አለበት። ሥራው አስቸጋሪ አይደለም። ቡቃያ ያለበት የሥረ ግንድ ቁራጭ ከነጭቃው ተነሥቶ፣ ዓመቱን ሙሉ ርጥበት በማይለየው ጥቁር አፈር ላይ፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚት በማያልፍበት ቦታ፣ ፀሐይ በሚያገኝበት ይተከላል። ዘር ከመጠበቅ ይህ ይፈጥናል። ከብት እንዳይገባበት እስኪጠነክር መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ወዲያ ራሱ ይስፋፋል። ቦታው የግድ ሐይቁ ውስጥ መሆን የለበትም፤ ከሐይቁ ዳር ያለ የጓሮ ጨቀጨቅ፣ ከመስኖ የሚተርፍ ውሃ የሚያርፍበት ጥግ፣ ሩዝ የማይደርስበት ዝቅተኛ ማሳ ሁሉ ይሆናል፤ ቀራሙስ ላይ በተራ ማሳ ከበቀለ በጣና ዳር የማይበቅልበት ምክንያት የለም። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሩዝ የሚሰጠውን ያህል ብር ደንገል በመጀመሪያው ዓመት አይሰጥም፤ መሬት ያለው ገበሬም ለዚህ ብሎ ማሳውን አይለቅም። መሬት የሌለው ግን ደንገሉን የሚያውቀው ነገደ ወይጦ ነው። የቀበሌና የወረዳ መሬት አስተዳደር ለሩዝና ለግጦሽ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ለተወሰነ የረግረግ ዳርቻ በቤተሰብ ስም የማጨድ ይዞታ ቢሰጥ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚታጨድ ራሳቸው አጫጆቹ ቢወስኑ፣ የጨረጨራ በር ሲከፈትና ሲዘጋም የእነርሱ ዳርቻ እንደ አንድ ማሳ ቢቆጠር፣ ደንገል ከመሬት ጋር በሚደረገው ክርክር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሟጋች ያገኛል። ይህን ሳያደርጉ በየዓመቱ ችግኝ ማውረድ የሚቀጥለው ክረምት ሞፈር እስኪገባበት ድረስ ብቻ የሚቆይ ሥራ ነው።